የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አመራረጥ፤ ቍጥሩ አንድ ቢሆንም ሥራው ልዩ ልዩ ነው

በአዲስ አበባ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች ከተሞች የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥባቸው ሱቆች ዘወትር የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። ከጋራዥ የተላከ ረዳት ልጅ ይመጣና «ጋሼ፣ ዘጠና ቍጥር ዘይት ሦስት ሊትር ይስጡኝ» ይላል። ባለ ሱቁም 90 የሚል ቍጥር የተጻፈበትን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዶ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ሽያጩም በዚሁ የተፈጸመ ይመስላል። እውነተኛው ውጤት የሚታወቀው ግን ውሎ አድሮ ነው። መኪናው ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ማርሽ በተለወጠ ቍጥር ጥርሶቹ መጮኽ ይጀምራሉ፤ ካምቢዮው ሲፈታም የነሐስ ቀለበቶቹ ተበልተው ይገኛሉ። የጥገናውን ወጪ ባለ መኪናው ይከፍላል፤ ወቀሳው ግን ዘይቱን ወደ ሸጠው ነጋዴ ይመለሳል። ነጋዴው «የጠየቀኝን ሰጠሁት» ቢል ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ይህ መልስ የሄደውን ደንበኛ አይመልስለትም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከጥያቄው ላይ ነው። 90 የሚለው ቍጥር የዘይቱን ውፍረት ይገልጻል እንጂ ዘይቱ ለየትኛው ሥራ እንደ ተዘጋጀ አያስረዳም። አንድ ዓይነት ቍጥር ከተጻፈባቸው ሁለት ዘይቶች አንዱ ለካምቢዮ የሚስማማ፣ ሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ካምቢዮ የሚጐዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘይት የሚያስመጣም ሆነ የሚቸረችር ነጋዴ ከቍጥሩ አልፎ የሚያነበው ሌላ ምልክት፣ ለደንበኛውም የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ሊኖረው ይገባል።

ጉዳዩ በአሁኑ ዘመን ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ቀድሞ የገቡት መኪናዎች ረዘም ላለ ዘመን ማገልገላቸው የግድ ሆኗል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። በጥቂት ሊትር ዘይት ሊድን የሚችለውን ካምቢዮ በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ዕቃ መተካት ለባለ መኪናውም ለአገሩም ኪሳራ ነው።

ሁለቱ ሳጥኖች የሚሠሩት ሥራ

ካምቢዮ የሞተሩን ኃይል ተቀብሎ ሹፌሩ በመረጠው ማርሽ መጠን ፍጥነቱንና ጕልበቱን የሚያመዛዝን ሳጥን ነው። በውስጡ ያሉት ጥርሶች ጐን ለጐን በተዘረጉ ዘንጎች ላይ የተተከሉ በመሆናቸው፣ ጥርስ ከጥርስ ጋር በአብዛኛው እየተንከባለለ ይገናኛል፤ መንሸራተቱ መጠነኛ ነው። ነገር ግን በካምቢዮ ውስጥ ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ልዩ ክፍል አለ፤ እርሱም ሲንክሮናይዘር የሚባለው ነው። የካዲላክ መኪና ይህን አሠራር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ለገበያ ካቀረበና ሌሎችም ፋብሪካዎች ከተከተሉት ወዲህ፣ ሹፌሮች ማርሽ ለመለወጥ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ከመርገጥ ድካም ዐርፈዋል።

የሲንክሮናይዘር ተግባር በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ክፍሎችን ከመያያዛቸው በፊት እኩል እንዲዞሩ ማድረግ ነው። ይህን የሚፈጽመው በፍትጊያ ነው፤ ይኸውም አንድ ቀለበት በሾጣጣ ብረት ላይ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ፍጥነቱንም ከራሱ ፍጥነት ጋር ያስተካክለዋል። ቀለበቱ በብዙ መኪናዎች ውስጥ ከነሐስ የተሠራ ነው። እንግዲህ የካምቢዮ ዘይት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ግዴታዎች አሉበት ማለት ነው። በአንድ በኩል ጥርሶቹ እንዳይበሉ ማለስለስ አለበት፤ በሌላ በኩል ቀለበቱ እንዲይዝ ከመጠን በላይ ማንሸራተት የለበትም።

ዲፈረንሻል ደግሞ ከካምቢዮ የመጣውን ኃይል ወደ ጐን አዙሮ ለግራና ለቀኝ ጐማ ያካፍላል፤ መኪናው በሚታጠፍበት ጊዜም የውጪው ጐማ ከውስጠኛው ይልቅ ፈጥኖ እንዲዞር ያስችላል። በኋላ ጐማ በሚነዱ መኪናዎች ኃይሉን ወደ ጐን የሚያዞሩት ትንሹ ፒኞንና ትልቁ ኮሮና ናቸው። ከ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የፓካርድ ፋብሪካ የፒኞኑን ዘንግ ከኮሮናው መካከል ዝቅ አድርጎ መትከል ጀመረ፤ ይህም አሠራር ሃይፖይድ ይባላል። ዘንጉ ዝቅ በማለቱ የመኪናው ወለል ዝቅ አለ፤ ጥርሱም ጠነከረ፤ ድምፁም ቀነሰ።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። የሃይፖይድ ጥርሶች መንከባለል ብቻ ሳይሆን በከባድ ጫና ሥር አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ተራ ዘይት በዚህ ጫና ከመካከላቸው ተጨምቆ ስለሚወጣ ብረት ከብረት ጋር ይነካካል። ስለዚህ ድኝና ፎስፈረስ ያሉባቸው ቅመሞች በዘይቱ ውስጥ ይጨመራሉ። ጫናውና ሙቀቱ ሲበረታ እነዚህ ቅመሞች ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕደው ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ በብረቱም ፈንታ ሽፋኑ እየተበላ ብረቱ ይድናል።

ከዚህ የሚታየው ዋና ነገር፣ ዲፈረንሻልን የሚያድነው ቅመም በብዛት ሲገኝ የካምቢዮን የነሐስ ቀለበት ሊጐዳ የሚችል መሆኑ ነው።

ቍጥሮቹ የሚናገሩት

በዕቃው ላይ የሚታዩት 75ደብልዩ 90፣ 80ደብልዩ 90፣ 85ደብልዩ 140 የመሳሰሉት ቍጥሮች የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤስ.ኤ.ኢ.፣ ጄ306 በሚባለው ደንብ የመደባቸው የውፍረት ደረጃዎች ናቸው። ደብልዩ ያለበት የመጀመሪያው ቍጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሳይረጋ መፍሰስ መቻሉን ያመለክታል። 75ደብልዩ ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ፣ 80ደብልዩ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ፣ 85ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተፈትነው የተወሰነላቸውን ልክ ማለፍ ይኖርባቸዋል። ሁለተኛው ቍጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ይገልጻል። 90 የተባለው ዘይት በዚህ ሙቀት ከ13.5 ጀምሮ ከ18.5 በታች ሴንቲስቶክስ፣ 140 የተባለው ከ24 ጀምሮ ከ32.5 በታች ሴንቲስቶክስ ውፍረት አለው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ቍጥር ከሞተር ዘይት ቍጥር ጋር በአንድ መለኪያ አይመዘንም። 90 ቍጥር ዘይት ከ50 ቍጥር የሞተር ዘይት ሁለት እጅ ያህል የወፈረ የሚመስለው ደንበኛ ብዙ ነው። በእርግጥ ግን 40 ቍጥር የሞተር ዘይት በ100 ዲግሪ ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ቍጥሩ ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክስ ስለ ሆነ፣ 90 ቍጥር የካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ በእነዚህ በሁለቱ አካባቢ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለ ሱቅ፣ የአንዳንድ መኪና ፋብሪካ ለካምቢዮ የሞተር ዘይት ማዘዙን በመመሪያው ላይ ሲያነብ አይደነግጥም።

የጂ.ኤል. ምልክት

ከውፍረቱ ቍጥር ሌላ በዕቃው ላይ የሚፈለገው ሁለተኛ ምልክት ጂ.ኤል. 4 ወይም ጂ.ኤል. 5 የሚለው ነው። ይህን ምደባ ያወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤ.ፒ.አይ.፣ ነው። ምደባው ከ1 እስከ 6 የተዘረጋ ቢሆንም በዛሬው የመኪና ዘይት ገበያ በብዛት የሚገኙት 4 እና 5 ናቸው። ጂ.ኤል. 4 መጠነኛ ፍጥነትና ጫና ላለባቸው ጥርሶች፣ በተለይም ለእጅ ማርሽ ካምቢዮ የሚሆን ነው። ጂ.ኤል. 5 ደግሞ ከባድ ጫናና ድንገተኛ ምት ለሚያርፍባቸው የሃይፖይድ ጥርሶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጫናን የሚቋቋመው ቅመም በአብዛኛው ከጂ.ኤል. 4 በእጥፍ ገደማ ይበልጣል።

በሞተር ዘይት ንግድ የለመደ ሰው በዚህ ቦታ በቀላሉ ይሳሳታል። በቤንዚን ሞተር ዘይት ኋላ የወጣው የምደባ ፊደል ቀድሞ የወጣውን ይተካል፤ አዲሱን ለአሮጌ ሞተር መስጠት በአብዛኛው ጕዳት የለውም። ከዚህ ልማድ በመነሣት «5 ከ4 ይበልጣልና ለሁሉም 5 ቢሰጥ ይሻላል» የሚል አስተሳሰብ በብዙ ሱቆች ይገኛል። ይሁን እንጂ 4 እና 5 ታናሽና ታላቅ አይደሉም፤ የተለያየ ሥራ የተሰጣቸው ሁለት ሠራተኞች ናቸው።

ጂ.ኤል. 5 በማይገባው ካምቢዮ ውስጥ ሲጨመር በሁለት መንገድ ጕዳት ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ በቅመሙ ውስጥ ያለው ድኝ ሙቀት ሲያገኝ መዳብ ያለበትን ብረት የሚበላ በመሆኑ የነሐስ ቀለበቶቹ ቀስ በቀስ ይሳሳሉ። ሁለተኛው፣ ዘይቱ አብዝቶ የሚያንሸራትት ስለ ሆነ ቀለበቱ ሾጣጣውን ብረት ፈጥኖ መያዝ ያቅተዋል፤ ሹፌሩም ማርሹ እንደማይገባለት ወይም እንደሚጮኽበት ይናገራል። ዛሬ አንዳንድ ፋብሪካዎች መዳብን የማይጐዳ ቅመም እየመረጡ ስለሚያዘጋጁ የመጀመሪያው ጕዳት በሁሉም ጂ.ኤል. 5 ዘይት ላይ እኩል አይደለም። ሁለተኛው ግን መዳብ በማይጐዳው ዘይት ላይ እንኳ ሊያጋጥም ይችላል።

የተገላቢጦሹ ስሕተት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ጂ.ኤል. 4 ዘይት ጂ.ኤል. 5 በሚያስፈልገው የሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ቢጨመር፣ በተለይም መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት በሚወጣበት ጊዜ፣ የፒኞኑና የኮሮናው ጥርሶች ይቧጨራሉ። ጕዳቱም በመጀመሪያ እንደ ዋይታ ባለ ድምፅ ይታወቃል፤ ጥርሱ አንድ ጊዜ ከተቧጨረ በኋላ ዘይት ቢለወጥለት አይመለስም።

በአንዳንድ ዕቃ ላይ «ጂ.ኤል. 4 / ጂ.ኤል. 5» ተብሎ ሁለቱም ተጽፎ ይገኛል። ይህ ጽሕፈት ብቻውን ለሁሉም ካምቢዮ ማስተማመኛ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ዘይት የሚሸጥ ነጋዴ አምራቹ ያወጣውን መግለጫ ወረቀት አስቀርቦ፣ ሲንክሮናይዘር ላለው ካምቢዮ የሚሆን መሆኑ በግልጽ ተጽፎ እንደ ሆነ ማንበብ ይገባዋል።

በአገራችን መንገድ ከሚታዩ መኪናዎች ምሳሌ

የሁለቱ ዘይት ልዩነት አዲስ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1966 የወጣው ፊያት 124 ለካምቢዮው ዜድ.ሲ. 90 የተባለ፣ የጫና ቅመም የሌለበት ዘይት፣ ለኋላ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ደብልዩ 90/ኤም የተባለ፣ ቅመም ያለበት ዘይት በመመሪያው ታዞለት ነበር። ሁለቱም 90 ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ትእዛዝ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ እንዲገባ አልተፈቀደም።

ከዚሁ ከፊያት 124 ተወስዶ ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት የተሠራውና ለብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በታክሲነት ያገለገለው ላዳም ካምቢዮውና የኋላ ዲፈረንሻሉ የተለያዩ ናቸው። ባለ 4 ማርሹ ካምቢዮ 1.35 ሊትር፣ ዲፈረንሻሉ 1.3 ሊትር ይይዛል። ሁለቱ ሳጥኖች በአንድነት 3 ሊትር እንኳ የማይሞላ ዘይት የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ለይቶ መግዛት ከባድ ወጪ አይደለም።

በፊት ጐማ የሚነዱት የቶዮታ ኮሮላ መኪናዎች ነገር ግን ሌላ ነው። በእነርሱ ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ሆኖ አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ኃይሉን ወደ ጐን ማዞር ስለማያስፈልግም የሃይፖይድ ጥርስ የለባቸውም። በ1990ዎቹ በተሠሩት ብዙ የኮሮላ ዓይነቶች መመሪያ ላይ 75ደብልዩ 90 ሆኖ ጂ.ኤል. 4 ወይም ጂ.ኤል. 5 ይበቃል የሚል ትእዛዝ ይገኛል፤ የሚይዘውም 2 ሊትር ያህል ነው። በዚህ መኪና ላይ ጂ.ኤል. 5 ጨምሮ ጕዳት ያላየ መካኒክ ለሌላውም መኪና ያንኑ ቢመክር አይደንቅም፤ ነገር ግን አንድ ፋብሪካ የፈቀደው ለሁሉም የተፈቀደ አይደለም።

አሮጌው ቮልስዋገንም ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን በአንድ ቤት ይይዛል፤ የታዘዘለትም 90 ቍጥር ሆኖ በዛሬው ምደባ ከጂ.ኤል. 4 ጋር የሚስተካከል ዘይት ነው። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉት በ4 ጐማ የሚነዱ መኪናዎች ግን ካምቢዮ፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ረዳት ሳጥን፣ የፊት ዲፈረንሻልና የኋላ ዲፈረንሻል አሏቸው። ለኋላ ዲፈረንሻላቸው በብዙ መመሪያ የሚገኘው ትእዛዝ ጂ.ኤል. 5 ሲሆን፣ ውፍረቱም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በማይደርስ አገር 90 ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለ መኪና ባለቤት ወደ ሱቅ ሲመጣ፣ ዘይቱ ለስንት ሳጥንና ለየትኞቹ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከተለመደው ውጭ የሆኑ

የካምቢዮ ዘይት ሁሉ 90 ቍጥር ነው ብሎ ማመን ሌላው ስሕተት ነው። የሆንዳ ፋብሪካ በቀድሞ ዘመን ለብዙ የእጅ ማርሽ መኪናዎቹ 10ደብልዩ 30 ወይም 10ደብልዩ 40 የሞተር ዘይት አዝዞ ነበር፤ ኋላ ግን ለዚሁ ሥራ የተለየ የራሱን ዘይት አወጣ። የኢሱዙ ትሩፐር የእጅ ማርሽ ካምቢዮም 5ደብልዩ 30 የሞተር ዘይት የታዘዘለት ነው። ሌሎች ደግሞ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ቀዩን ዘይት፣ ኤ.ቲ.ኤፍ. የሚባለውን፣ በእጅ ማርሽ ካምቢዮ ውስጥ እንዲጨመር ያዝዛሉ። የዚህ ዓይነቱ ዘይት ስመ ጥር የሆነው ዴክስሮን ጄኔራል ሞተርስ ከ1967 ጀምሮ ያወጣው ደረጃ ነው። ለቀጭን ዘይት በተሠራ ካምቢዮ ውስጥ 90 ቍጥር ቢጨመር፣ በተለይ በማለዳ ማርሹ ይከብዳል፤ ዘይቱም ወደ ጠባቡ ቦታ ሁሉ ቶሎ አይደርስም።

በዲፈረንሻልም በኩል እንዲሁ የተለየ አለ። አንደኛው ጐማ ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከር ኃይሉ ሁሉ ወደ እርሱ እንዳይሄድ የሚከለክሉ ዲፈረንሻሎች በውስጣቸው እንደ ፍሪሲዮን ያሉ ሸክላዎች አሏቸው። ለእነዚህ ጂ.ኤል. 5 መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለሸክላዎቹ የሚስማማ ልዩ ቅመም ያለበት መሆን አለበት። ይህም በዕቃው ላይ ኤል.ኤስ. በሚሉት ፊደላት ይታወቃል። ያለዚህ ቅመም ሲሠራ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅም ያሰማል።

የአየሩ ጠባይና ጭነቱ

አስመጪ ለአገሩ የሚስማማውን ውፍረት ሲመርጥ የአየሩን ጠባይ ማመዛዘን ይገባዋል። በደጋው፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ቢወርድም ብርዱ 80ደብልዩ ከሚፈተንበት ልክ እጅግ የራቀ ነው። ስለዚህ 75ደብልዩ 90 የሚመረጠው መመሪያው ስላዘዘው ወይም በማለዳ ማርሽ ስለሚያቀልል ነው እንጂ፣ 80ደብልዩ 90 በኢትዮጵያ ብርድ ይረጋል ተብሎ ሊሆን አይገባም።

ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ግን ከአዋሽ አልፈው በሚሌና በጋላፊ በኩል በአፋር በረሃ ሙሉ ጭነት ይዘው ይጓዛሉ። በእንዲህ ያለ ሙቀትና ጫና ዘይት ስለሚቀጥን፣ መመሪያው በፈቀደበት ለዲፈረንሻል 85ደብልዩ 140 ማቅረብ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል» ብሎ ለትንሽ አውቶሞቢል ያንኑ መስጠት ትርፉ ነዳጅ ማባከንና ማርሽ ማክበድ ነው።

አስመጪውና ባለ ሱቁ ሊያደርጉት የሚገባ

የዘይት ዓይነት ሲበዛ ገንዘብ በመጋዘን ይታሰራል፤ ሲያንስ ደንበኛ ባዶ እጁን ይመለሳል። የቤት አውቶሞቢሎችንና ቀላል የጭነት መኪናዎችን ለሚያስተናግድ ሱቅ መነሻ የሚሆኑት፣ 75ደብልዩ 90 ጂ.ኤል. 4 ለካምቢዮ፣ 80ደብልዩ 90 ጂ.ኤል. 5 ለዲፈረንሻል፣ ጥቂት ኤል.ኤስ. ያለበት ጂ.ኤል. 5፣ እንዲሁም ኤ.ቲ.ኤፍ. ናቸው። ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ያለ ሱቅ 85ደብልዩ 140 ጂ.ኤል. 5 ይጨምርበታል። አስመጪው ትእዛዝ በሚጽፍበት ጊዜ ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን የጂ.ኤል. ምልክቱን በትእዛዙም በዋጋ መጠየቂያውም ላይ ለይቶ ቢያሰፍር፣ ዕቃው ከገባ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆነዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጠው ነው። ዘይት ከበርሜሉ ከወጣ በኋላ ማንነቱ የሚታወቀው በሻጩ ቃል ብቻ ነው። ጂ.ኤል. 4ም ሆነ ጂ.ኤል. 5 የድኝ ሽታ አላቸው፤ መልካቸውም ሊመሳሰል ይችላል፤ ስለዚህ አሽትቶም ሆነ አይቶ መለየት አይቻልም። ለእያንዳንዱ በርሜል የራሱ መቅጃና የራሱ መስፈሪያ ቢኖረው፣ ለደንበኛውም በሚሰጠው ዕቃ ላይ ውፍረቱና የጂ.ኤል. ቍጥሩ ቢጻፍበት፣ በደረሰኙም ላይ ቢደገም፣ ሻጭና ገዢ ሁለቱም ይጠበቃሉ። የታሸገውም ዕቃ ክዳኑ ያልተነካ፣ የምርት መለያ ቍጥሩም ያልተፋቀ መሆኑን ከአስመጪው ሲረከቡ መመልከት መልካም ነው።

ለገዢው የሚነገር ምክር

ጥሩ ነጋዴ ዘይቱን ሸጦ ዝም አይልም። በመጀመሪያ፣ አሮጌውን ዘይት ከማፍሰስ አስቀድሞ አዲሱ የሚጨመርበት ቡሽ መፈታት መቻሉን ማረጋገጥ ይገባል፤ የታችኛው ተፈትቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው እንቢ ቢል መኪናው ካለበት አይነሣም። ማፍሰሱ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዘይቱ ሞቅ ሲል ቢሆን ቈሻሻው አብሮ ይወጣል። በብዙ መኪናዎች የዘይቱ ልክ፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ዘይቱ እስከ መጨመሪያው ቀዳዳ ከንፈር ሲደርስ ነው።

የወጣው አሮጌ ዘይትም ብዙ ይናገራል። በቡሹ ማግኔት ላይ የሚገኝ ልሙ የብረት ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ የጥርስ ስባሪ ግን አደጋ ነው። በካምቢዮ ዘይት ውስጥ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ብናኝ በብዛት ከታየ የነሐስ ቀለበቶቹ እየተበሉ ለመሆናቸው ምልክት ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት ወንዝ ለሚሻገሩ መኪናዎች የሚያጋጥም ስለ ሆነ፣ ጊዜው ባይደርስም መለወጥ ያስፈልጋል። የተለወጠው ዘይት በመሬት ወይም በቦይ እንዳይደፋ፣ በዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከብ እንዲሰጥ መንገር ተገቢ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ልጅ እንመለስ ቢባል፣ የባለ ሱቁ ንግግር እንዲህ ሊሆን ይገባል፤ «ልጄ፣ ለካምቢዮ ነው ወይስ ለዲፈረንሻል? መኪናውስ ምንድን ነው?» ልጁ የማያውቅ ከሆነ ወደ መካኒኩ መደወል አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መካኒኩም የሚጠራጠር ከሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ዳኛ ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ነጋዴ በዚያች ሰዓት ሽያጩ ቢዘገይበትም፣ ባለ መኪናውንም መካኒኩንም ደንበኛ አድርጎ ያስቀራል። ዘይት በሁሉም ሱቅ ይገኛል፤ የሚገባውን ዘይት ለይቶ የሚሰጥ ሱቅ ግን ተፈልጎ የሚመጣበት ነው።